ያልደረሱት ሁለት ደብዳቤዎች

ኮሮና ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ እስራኤል ውስጥ ቂርያት ማልአኺ ከተማ በሚገኘው ሕንጻችን ዕብራይስጥ አንብቤ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ከጎንደር የመጣሁት በልጅነቴ ስለሆነ የተማርኩት እዚሁ ነው። ከእኔ በኋላ የመጡት ትልልቅ ሰዎች ግን ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተው ለገበያና ለሥራ የሚሆን ቋንቋ ይዘው ወጡ እንጂ ከመንግሥት የሚላክ ደብዳቤ ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራዬ ስመለስ ደረጃው ላይ ፖስታ ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም ነበር። "ምን ይላል?" ይሉኛል፤ አነብላቸዋለሁ። ሁሉም አፍ አፌን ሲያዩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ዛሬ መደበቅ አልፈልግም።

ከሁሉም በላይ የሚፈልጉኝ ከእኔ ቤት በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊት ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። የመጡት ከወንድ ልጃቸው ጋር ነው። ሴቷ ልጃቸው ያኔ ባል አግብታ ስለነበር ስሟ ከተጓዦቹ ዝርዝር ወጥቶ ጎንደር ቀረች። ከዓመታት በኋላ ባሏ ሞተ። አሁን ልትመጣ ትችል ይሆናል ሲባል እማማ ማመልከት ፈለጉ። ወንድ ልጃቸው ያቭነ ከተማ ይኖራል፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠራ ጊዜ የለውም። "እትዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ" ብሎ ነገሩን ለእኔ ተወው። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ከቅጹ ጋር መያያዝ ከነበረባቸው ወረቀቶች አንዱ የሟቹ ባል የሞት ማስረጃ ነው። ከቀበሌ የተጻፈ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ አንድ ገጽ ነበር። ተተርጉሞ በጠበቃ ፊት መረጋገጥ ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረብኝ። "ከፈለጉት ራሳቸው ይጠይቁናል" አልኩ በልቤ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩና ቅጹን ያለ እሱ ላክሁት። እማማ ሲጠይቁኝ፣ "ሁሉም ተሟልቷል፣ ቤሰደር፣ ደህና ነው" አልኳቸው። ሁለት እጄን ይዘው መረቁኝ።

ወራት አለፉ። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እማማ ልባቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ከመግቢያው ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት የፖስታ ሣጥኖች የእሳቸው መዝጊያ እንደ ሁልጊዜው ተንጠልጥሎ አየሁ፤ አንድ ረጅም ነጭ ፖስታ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቷል። ከማዕዘኑ የመንግሥት ምልክት አለበት። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣ ሳልነካው አወቅሁ።

አወጣሁት። እስከዚህ ድረስ ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሲመለሱ ልሰጣቸው ነው። ግን ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬው ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከፈትኩት።

ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል ይላል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ የባልየው የሞት ማስረጃ አልቀረበም። ከዚህ በታች፣ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ደብዳቤው በደረሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል የሚል ነበር።

ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ወረቀት ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት መሳቢያው ውስጥ ነበር። በማግስቱ ተነሥቼ ባስተረጉመው፣ ለልጃቸው ደውዬ "ተሳስቻለሁ" ብዬ ብነግረው ነገሩ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነበር። እኔ ግን የታየኝ የእማማ ፊት ነው፤ ከዚያም የልጃቸው ፊት፤ ከዚያም ደረጃው ላይ ፖስታ ይዘው የሚጠብቁኝ ሰዎች ሁሉ። "ልባቸው ታሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገራቸውም" አልኩ። ምክንያቱ ጥሩ ስለነበር ራሴን አመንኩት። ደብዳቤውን ከነፖስታው ከሞት ማስረጃው ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት።

እማማ ለበዓሉ ወጡ። ደክመዋል፤ ደረጃውን የሚወጡት ግድግዳ እየደገፉ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ "ልጄ፣ ዶዓር፣ ፖስታ አልመጣም?" የሚል ነበር።

"ገና ነው እማማ።"

"ቆየ አይደል?"

"እነሱ እንዲህ ናቸው፤ ይቆያሉ።"

ከበዓሉ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በዓሉ አለፈ። ክኒናቸው ሲለወጥ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ተለወጠ። እኔ ቀን እየቆጠርኩ ነበር፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስምንት። በሠላሳኛው ቀን መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሕፃናቱን ምሳ እያበላሁ፣ ባዶ ማንኪያ ወደ አንዱ አፍ ስወስድ ያየችው መምህርት "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይግባኝ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ሰዓቱን እያየሁ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ለመናገርም ፈራሁ፤ ምክንያቱም አሁን "ለምን ያኔ አልነገርሽም?" የሚል ጥያቄ አለ።

የባሰው ጎንደር ያለችው ልጅ መደወሏ ነው። አንዳንድ ቀን እማማ ቤት ሳለሁ ትደውላለች፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። "እትዬ እዚያው ነሽ? ወሬ አለ?" ትለኛለች። ድምፅዋን እንጂ መልኳን አላውቀውም። "የለም፣ በርቺ" እላታለሁ። አንድ ጊዜ፣ "ጥሪ ሲመጣ ድንገት ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ያለችኝን ዕቃ ሁሉ ለሰው ሰጥቼ በአንድ ሻንጣ ነው የምኖረው" አለች። እናትየው ሳቁ። እኔ ተነሥቼ ቤቴ ሄድኩ።

በሐምሌው ሙቀት ከሕንጻው ጓሮ ብስክሌት ጠፋና የሕንጻው ኮሚቴ መግቢያው ላይ ካሜራ አስተከለ። ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር፤ እኔው ነኝ ለሰዎቹ ያነበብኩላቸው። ሆኖም ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛው ነጭ ፖስታ በዚያው ተንጠልጣይ ሣጥን ውስጥ ሲታየኝ ካሜራው ትዝ አላለኝም። ግራ ቀኝ አየሁ። ደረጃው ላይ ሰው የለም። ጣቴን አስገብቼ ሳብኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የመጀመሪያው ጊዜ ልሰጣቸው ብዬ ነው ማለት እችል ነበር። ይህኛው ግን ከጅምሩ ስርቆት ነበር፤ እጄ ያውቀው ነበር። ደብዳቤው፣ በጊዜው ይግባኝ ስላልቀረበ ፋይሉ ተዘግቷል ይላል።

ልጃቸው በመስከረም ገደማ ከሥራ ቀን አስፈቅዶ እናቱን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መላኩን፣ መልስ እንዳልተገኘ ነገሩት። ተመልሶ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ካሜራውን እንዲያሳየው ለመነው። ሁለተኛው የተላከበትን ሳምንት አዩ። እኔን አዩኝ።

እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ስልክ ሲደወልልኝ ነው። አንድ ሰው በትሕትና ስሜን ጠየቀኝ፤ ከፖሊስ ጣቢያ መሆኑን ነገረኝ፤ "ለምርመራ ነገ ስምንት ሰዓት እንድትመጪ" አለ። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ስትመጪ ይነገርሻል" አለኝ። ለባለቤቴ ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ቤኤር ቱቪያ በሚባል አካባቢ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ላስቲኩን ከመሳቢያው አውጥቼ ሳሳየው በእጁ እንኳ አልነካውም።

"እሳት ውስጥ ክተቺው" አለ።

አልከተትኩትም። ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቀውም።

ጣቢያው ውስጥ የተቀበለኝ መርማሪ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። አስተርጓሚ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልፈልግም አልኩ። ከዚያ ቃል በቃል እንደተጻፈለት አነበበልኝ፤ የሰው ደብዳቤ ከሣጥን መውሰድ ወንጀል ነው፣ ከፍቶ ማንበብ ሌላ ወንጀል ነው፣ ሁለቱም እስራት ሊያስከትሉ ይችላሉ፣ ዝም የማለትና ጠበቃ የማማከር መብት አለሽ። በአገሩ ቋንቋ ስንት ደብዳቤ ለሰው አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ሲነበብ ግን ቃላቱ ባዕድ ሆኑብኝ። ጠበቃ እፈልጋለሁ አልኩ።

መንግሥት የመደበልኝ ጠበቃ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። በስልክ ሰማችኝና፣ "ያላቸው የሁለተኛው ቪዲዮ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ፖስታ ስትወስድ ይታያል፤ ምን ፖስታ እንደሆነ አይታይም። ስለ መጀመሪያው ምንም የላቸውም። ምንም አትመልሺ፤ ማስረጃ አጥተው ሊዘጉት ይችላሉ" አለችኝ። ተመልሼ ገባሁና ለሁሉም ጥያቄ "አልመልስም" አልኩ። የጣት አሻራዬን ወሰዱ፤ ከፊት ከጎን ፎቶ አነሡኝ። ከአሮጊቷም ሆነ ከቤተሰባቸው ጋር እንዳልነጋገር አስፈርመው ለቀቁኝ።

እንዳልነጋገር ብፈርምም በማግስቱ ደረጃው ላይ ከእማማ ጋር ተገናኘን። ማምለጫ የለም፤ እሳቸው እየወጡ እኔ እየወረድኩ። ሁለት ጎረቤቶች አብረዋቸው ነበሩ፤ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። እማማ ግን እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ወንዱን ልጄን ተቆጥቼዋለሁ" አሉኝ። "ካሜራው ተሳስቷል አልኩት። እሷ ወስዳ ልትሰጠኝ ረስታው ይሆናል፤ እሷ ይህን አታደርግም አልኩት።"

እጄን አላቅቄ አለፍኩ። ምድር ቤት ስደርስ ከፖስታ ሣጥኖቹ ሥር ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ልጃቸው መጥቶ በሬን አንኳኳ። መምጣት እንደሌለበት ያውቃል። ከደጅ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ተናገረ። ከሥራ በቀጥታ መምጣቱ ያስታውቃል፤ የፋብሪካው ካኪ ላዩ ላይ ነው።

"እትዬ፣ አንቺን ማሳሰር አይደለም ፍላጎቴ" አለ። "ጠበቃ አማክሬያለሁ። የይግባኙ ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰ ጀምሮ ነው። አልደረሰም ብለን ካረጋገጥን ጊዜው ይከፈትልናል አለን። እኛ አልደረሰንም ብንል ማን ያምነናል? ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ማስረጃ አምጡ አሉን። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።"

ደብዳቤው፣ ቀኑ የታተመበት ፖስታ ሳይቀር፣ ከጀርባዬ ባለው ክፍል ውስጥ ነው።

"አላውቅም" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "ቤሰደር" አለና ወረደ። በሩን ዘግቼ እስኪርቅ ድረስ የጫማውን ድምፅ አዳመጥኩ። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ የዋሸሁት ሁሉ በዝምታና በ"ገና ነው" ነበር። ይህኛው ፊት ለፊት ነው። ደግሞም ምን እየሸጥኩ ምን እንደምገዛ ያን ጊዜ በግልጽ ታየኝ፤ እኔ ዝም ካልኩ ፋይሌ ይዘጋል፣ የዚያች ልጅ ፋይልም እንደተዘጋ ይቀራል። እኔ ከተናገርኩ ሁለቱም ይከፈታሉ።

ለጠበቃዋ ደወልኩ። አዳምጣኝ ስትጨርስ፣ "ሥራሽን ታጪያለሽ፤ ታውቂያለሽ?" አለች። አውቃለሁ አልኳት። "ማንም አላስገደደሽም፤ እኔም አልመክርሽም።" እሱንም አውቃለሁ አልኳት። ባለቤቴ የሰማ ዕለት ምግብ አልበላም፤ ጠዋት ግን ቀድሞ ተነሥቶ እስከ ጣቢያው በር ድረስ በመኪና አደረሰኝ።

ላስቲኩን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከውስጡ ሁለቱ ደብዳቤዎችና የሞት ማስረጃው ወጡ። የሞት ማስረጃው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነው ከሁሉ የከበደኝ። ደብዳቤውን በርኅራኄ ደበቅሁት ማለት እችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። ያ ወረቀት ግን እዚያ ተዘርግቶ ሌላውን ግማሽ ይናገራል። የራሴን ጥፋት ለመደበቅ ነው አልኩት። እየተየበ ቆየ። ከዚያ ቃሌን አትሞ እንዳነብና እንድፈርም ሰጠኝ። በሦስተኛ ሰው እንደተጻፈ ሆኖ ታየኝ፤ ተጠርጣሪዋ ወሰደች፣ ተጠርጣሪዋ ከፈተች፣ ተጠርጣሪዋ ዋሸች። በየገጹ ግርጌ ፈረምኩ።

መዋዕለ ሕፃናቱ የከተማው አስተዳደር ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ደረሳቸው። ጉዳዩ እስኪጣራ አትምጪ ተባልኩ፤ ኋላም ውሌ ሳይታደስ ቀረ። የሕፃናቱ ወላጆች ምን እንደተነገራቸው አላውቅም፤ ገበያ ውስጥ ልጆቹ ስሜን ሲጠሩ እናቶቻቸው እጃቸውን ጎተት ያደርጓቸው ነበር። ደረጃው ላይ ፖስታ ይዞ የሚጠብቀኝ አልነበረም። ስወጣ ስገባ ሰዎች ሣጥናቸውን ዘግተው ቁልፉን ሞክረው ነበር የሚሄዱት፤ ያልተዘጋ የሚባል መዝጊያ አልቀረም። የእማማም ተጠገነ።

ክስ ይመሠረት አይመሠረት ለማወቅ የዚህን አገር ክረምት ሙሉ ጠበቅሁ። ደብዳቤ የመጠበቁ ተራ አሁን የእኔ ነበርና በየቀኑ ወርጄ ሣጥኔን እከፍታለሁ፤ ባዶ ነው። ባዶ ሲሆን እፎይ እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ ፍርሃቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። በመጨረሻ የተደወለላት ለጠበቃዋ ነው። የመጀመሪያ ጥፋቴ ስለሆነና ራሴ ስላመንኩ ያለ ፍርድ ቤት እንዲያልቅ ስምምነት ቀረበልኝ። ወንጀሉን በጽሑፍ አምናለሁ፤ ለአሮጊቷ የይቅርታ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ጌዴራ በሚገኝ የአረጋውያን መዋያ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ አገለግላለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ጥፋት ከተገኘብኝ ሁሉም ተሽሮ ክሱ ይመሠረታል። እስር ቤት አልገባሁም። ግን ፖሊስ ዘንድ ስሜ ተመዝግቧል፤ ከሕፃናት ጋር የሚያሠራ ቦታ ባመለከትኩ ቁጥር ያ መዝገብ ይቀድመኛል።

ጌዴራ በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ እሄድ ነበር። ሳህን አጥባለሁ፣ ወንበር አስተካክላለሁ። አንድ ቀን ከጎንደር ወገን የሆኑ ሽማግሌ ከኪሳቸው የታጠፈ ፖስታ አውጥተው፣ "ልጄ፣ እስኪ ይኼን እይልኝ" አሉኝ። እጄ ሳሙና ነበር። "እኔ አልችልም አባባ" ብዬ የማዕከሉን ሠራተኛ ጠራሁላቸው። ሽማግሌው ፊደል የማላውቅ መስሏቸው፣ "አይዞሽ፣ እኔም አልችልም" አሉኝ።

የሰጠሁት ቃል ግን ሥራውን ሠራ። ልጃቸው የፖሊሱን ወረቀት ከይግባኙ ጋር አያያዘ፤ ጊዜው ተከፈተላቸው። የሞት ማስረጃው ተተረጎመ፤ ፋይሉ እንደገና ታየ። የፈቃዱ ደብዳቤ የመጣው ከመጀመሪያው ደብዳቤ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። የነገረኝ የለም፤ ከታች ቤት እልልታ ሰምቼ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ እልልታ ሦስት ሳምንት በኋላ የእማማ ደም ሥር ጭንቅላታቸው ውስጥ ተዘጋ። ተረፉ፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን አልተመለሱም። ልጅቷ በመጣችበት ቀን መኪና ሲቆም ከመስኮቴ አየኋት። ረጅም ናት፤ በእጇ አንድ ሻንጣ ብቻ። ስትገባ ከታች ለቅሶ ተሰማ፤ የእናትየው ድምፅ ግን ቃል አልነበረውም። ደብዳቤውን በጊዜው ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ በዚያ ዓመት ውስጥ በደረሰች ነበር፤ እናትና ልጅ የሚጫወቱበት ስንት ወር ይኖራቸው ነበር። ይህን የሚቀጣ ሕግ የለም፤ መርማሪውም አልጠየቀኝም።

ከወር በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። በስልክ የማውቀው ድምፅ ከማላውቀው ፊት ወጣ።

"አልጣላሽም፤ ለመጣላት አልመጣሁም" አለች። ግቢ አልኳት፤ ገባች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እናቴ መናገር አትችልም። በእነዚያ ወራት በየቀኑ ከአንቺ ጋር ነበረች ይላሉ። ምን ትል ነበር? ስለ እኔ ያለችውን ሁሉ ንገሪኝ።"

ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ጀመርኩ። "ዶዓር አልመጣም?" እንዳሉኝ፣ እኔም ምን ብዬ እንደዋሸሁ፤ እናቷ የትኛውን ክፍል ለእሷ እንዳሰቡ፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ስለሚመለከት እንደመረጡላት፤ የዋሸሁባቸውን ቀኖች ሳልዘል አንድ በአንድ ነገርኳት። አንዳንዴ እጇን ታነሣና "ቆይ" ትለኛለች፤ ትንሽ አልቅሳ "ቀጥዪ" ትላለች። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አየንና ተመልሶ ወጣ።

ልትሄድ ስትነሣ፣ "ጨረስሽ?" አለችኝ።

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲያ ነገ እመጣለሁ" አለች፤ ሳትሰናበተኝ ወረደች።